እቁቤ ሊደርሰኝ ነው፤ ባለቤቴ ታይምሼር እንግዛበት አለኝ

ሰላም እትዬ፣ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 38 ነው፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። እሱ ኡበር ይነዳል፣ እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። እውነቱን ለመናገር ዕረፍት የሚባል ነገር አናውቅም። አገር ቤት ሁለቴ ሄደናል፣ እሱም ዕረፍት አይባልም፤ ከሄድንበት ይልቅ ደክመን ነው የምንመለሰው።

ባለፈው ነሐሴ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ኦሽን ሲቲ ባላት ታይምሼር (በየዓመቱ አንድ ሳምንት የራስ የሚሆን የመዝናኛ ቤት ድርሻ ነው) አንድ ሳምንት ጋበዘችን። ሁለት መኝታ ቤት አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ሲሉ ውቅያኖሱ ፊት ለፊት ነው። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር እንጀራና ሽሮዬን ጭኜ ሄጄ እዚያው እየሠራሁ በላን። ልጆቹ ከውሃው አልወጣ አሉ። ባለቤቴን እንደዚያ ሲስቅ በ11 ዓመት አይቼው አላውቅም።

በአራተኛው ቀን የ100 ዶላር የስጦታ ካርድ እንሰጣችኋለን ብለው ለ90 ደቂቃ ገለጻ አስገቡን። ሦስት ሰዓት ተኩል ቆየን። ሻጩ በጣም ተግባቢ ነው፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር ያዘ። ባለቤቴን "አባትህ ዕረፍት ወጥቶ ያውቅ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ ደግሞ የአባቱ ነገር ሲነሳ አይችልም። ልጅ ሳለ አባቱ ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ሶደሬ ወስደውት ነበር፣ ያቺን ቀን እስከ ዛሬ ያወራታል። እዚያው እንባው መጣ። ነሐሴ ላይ የሚውለው 33ኛው ሳምንት በየዓመቱ የራሳችሁ ይሆናል፣ ለልጆቻችሁም ታወርሱታላችሁ፣ ዋጋው 22,900 ዶላር ነው፣ ግን ለዛሬ ብቻ አሉን። እሱ ብዕሩን ሲያነሳ እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ተነሳሁ። ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር አለ። "አንቺ ዕረፍት አይገባሽም፣ ብር ብቻ ነው የምታውቂው" አለኝ አንድ ማታ። አሁን ደግሞ ደውለው ሦስት ሌሊት በ199 ዶላር ኑ፣ ገለጻውን ብቻ ትሰማላችሁ ብለውታል። እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል፣ 10,000 ዶላር ነው። እሱን ቅድሚያ እንክፈል፣ ቀሪው 12,900 በ15 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ያልቃል ይለኛል። በዚያ ላይ በዓመት 1,150 ዶላር የጥገና ክፍያ አለው። እኔ ብሩን ለቤት መግዣ ነበር ያሰብኩት። የአክስቱ ልጅ "ከገዛሁት ሁሉ ምርጡ ነው" እያለች ታሞቀዋለች። ስስታም ነኝ እንዴ? ነገሩስ ጥሩ ነው መጥፎ? በ199ኙስ እንሂድ? ምን ይመክሩኛል?

ራሷን ያመማት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ራስሽን ስላመመሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥሩ ሰዓት ጠብቃ የመጣች ራስ ምታት ናት።

ስስታም አይደለሽም። በፈረቃ እየሠራች እቁብ የምትጥል፣ ሽሮዋን ጭና ለዕረፍት የምትወጣ ሴት ስስታም አትባልም። ግን ባለቤትሽም ሞኝ አይደለም፣ እና ይሄን አስቀድሜ የምነግርሽ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ሳነበው በመስመሮቹ መሃል "እንዴት እንዲህ በቀላሉ ተሸነፈ" የሚል ትንሽ ንዴት ስለታየኝ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ተዪው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የተሸነፈ ብዙ ሰው አለ፣ እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የዛሬ ስንት ዓመት መሰለሽ፣ ቨርጂንያ ቢች ሄጄ ስሙን የማልጠራው ሪዞርት ውስጥ 90 ደቂቃ ተብዬ አራት ሰዓት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ አንድ ወጣት መጣ፣ ቡና ቀዳልኝ፣ ስለ አገሬ ጠየቀኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። እምቢ ስለው ፊቱ ወደቀና "አለቃዬን ላናግር" ብሎ ሄደ። አለቃው ከዋጋው ላይ 6,000 ዶላር ቀንሶ መጣ። እሱንም እምቢ አልኩ። ስጦታዬን ልቀበል ወደ በሩ ስሄድ ደግሞ ሦስተኛዋ ሴትዮ አስተያየት ልሙላልሽ ብላ አስቀመጠችኝና ሌላ ትንሽ "የሙከራ ፓኬጅ" አወጣች። እኔ ደግሞ የሰው ቡና ጠጥቼ እንዴት ዝም ብዬ እወጣለሁ እያልኩ ነው የምጨነቀው! ይሉኝታ የሚለውን ቃል እነዚህ ሰዎች አያውቁትም፣ ነገሩን ግን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ባለቤትሽ ላይ አትፍረጂ። ስለ አባቱ የተጠየቀው ሻጩ ስለ አባቱ ማወቅ ስለፈለገ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ። ጥሩ ጎኑን ልጀምር፣ ምክንያቱም አለው። አንቺ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሆቴል ብትገቡ አራታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በፍልሰታ በየቀኑ የጾም ምግብ ፍለጋ ስትዞሩ ነበር። ወጥ ቤት ያለው፣ ልብስ ማጠቢያ ያለው፣ ልጆች የሚተኙበት በር ያለው ቤት ለእኛ ቤተሰብ ሌላ ነገር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የቤይ ብሪጁን ተሻግሮ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፣ የአውሮፕላን ወጪ የለውም። ደግሞ አንድ ማንም የማያወራው ጥቅም አለው፦ ከተከፈለ በኋላ ሰው ያርፋል። እንደ እናንተ ሥራ የሚያበዛ ሰው "የዚህ ዓመቱ ይለፈን" ይላል፣ ዓመቱም ያልፋል። ቀኑ ተቆርጦ ብሩ ተከፍሎ ሲቀመጥ ግን ይሄዳል። ባለቤትሽ የወደደው ይሄን ይመስለኛል፣ እና ተሳስቷል አልልም።

ችግሩ ከክፍሉ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው።

ታይምሼር በአሜሪካ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው፣ በተለይ ፍሎሪዳ ውስጥ አልሸጥ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች በዝተው ባለቤቶቹ ሲጨንቃቸው አንዱን ቤት በሳምንት በሳምንት እየቆራረጡ መሸጥ ጀመሩ። ሂሳቡን እስቲ አብረሽኝ ሥሪው። ሁለት ሳምንት ለጥገና ቢተው 50 ሳምንት ይቀራል። አንዱ ሳምንት 22,900 ዶላር ቢሸጥ አንዷ አፓርታማ 1,145,000 ዶላር አወጣች ማለት ነው። የብርዱ ወራት ሳምንት ርካሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሐሳቡ ይገባሻል። ለእናንተ የተሰጠው የስጦታ ካርድ፣ ያ ተግባቢ ሰውዬ፣ የ199ኙ ሦስት ሌሊት፣ ሁሉም የሚከፈለው ከዚህ ነው። ከምትከፍሉት ላይ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግድግዳው አይደለም፣ የመሸጫ ወጪው ነው። ለዚህም ነው ከእነሱ ገዝተሽ በማግሥቱ ልሽጥ ብትዪ የገዛሽበት ዋጋ የትም የማይገኘው። ኢቤይ ላይ ገብተሽ ታይምሼር ብለሽ ፈልጊ እስቲ። በ1 ዶላር የሚሸጥ ታያለሽ። ቀልድ አይደለም። ሰዎቹ የሚሸጡት ብር ለማግኘት ሳይሆን ዓመታዊ ክፍያውን ከላያቸው ለማውረድ ነው።

የእናንተን ቁጥር ወስጄ ትናንት ማታ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። 12,900 ዶላር በ15 በመቶ ለ10 ዓመት በወር 208 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ጠቅላላው 25,000 ገደማ። የእቁብሽን 10,000 ስንጨምር 35,000። የጥገናው 1,150 ደግሞ ለአሥር ዓመት ምንም ሳይጨምር ቢቆይ እንኳ 11,500። እንግዲህ ለአሥር ሳምንት ወደ 46,500 ዶላር፣ አንዱ ሳምንት 4,650 ዶላር ገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጥገናው አይቆምም፣ ይጨምራል። በዓመት 5 በመቶ ብቻ እየጨመረ ቢሄድ ከ20 ዓመት በኋላ ከ3,000 ዶላር ያልፋል። የጨው አየርና የባሕር ነፋስ ብረትና እንጨት አይምርም፣ ጣራው ሲፈርስ ወይም ማዕበል ሲመታው ደግሞ "ልዩ መዋጮ" ተብሎ ከዓመታዊው ውጪ ይጠየቃል። መጣችሁም ቀራችሁም፣ ታመማችሁም ሥራ አጣችሁም፣ ይከፈላል።

ከሻጮቹ አንዳንዶቹ የእኛን ሰው ሲያገኙ እንደ እቁብ አድርገው ያስረዱታል ሲባል ሰምቼ ስቄያለሁ። አንቺ እቁብ ታውቂያለሽ። እቁብ ያልቃል። ስትጥዪ ስትጥዪ ትቆዪና እጣሽ ሲወጣ ብርሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ይሄኛው መጣሉ ብቻ ነው የሚቀጥለው።

"ለልጆቻችሁ ታወርሱታላችሁ" ያሏችሁንም በደንብ አስቡበት። ውሉ ማለቂያ የሌለው ዓይነት ከሆነ የሚወረሰው ሳምንቱ ብቻ አይደለም፣ ክፍያውም ነው። ልጆች አንፈልግም ብለው በሕግ መተው ይችላሉ፣ ግን ወላጅ በሞተ ሰሞን ጠበቃ ፍለጋ መዞር ማን ይወዳል? የ9 ዓመቷ ወይም የ9 ዓመቱ ልጅሽ (ሴት ይሁን ወንድ አልነገርሽኝም) በ29 ዓመቱ ሲያትል ሊኖር ይችላል። 33ኛውን ሳምንት ኦሽን ሲቲ ምን ያደርግለታል?

እዚህ ላይ ሻጩ "መቀያየር ትችላላችሁ" ሳይላችሁ አልቀረም። እውነት ነው፣ እንደ አር.ሲ.አይ እና ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል ያሉ ድርጅቶች አሉ፣ የራስሽን ሳምንት አስገብተሽ በሌላ ቦታ ትቀይሪያለሽ። ለአባልነቱም ለመቀያየሩም ግን ለየብቻ ይከፈላል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ አስቀድሞ የጠየቀ ይወስዳል። የነሐሴ ሳምንት ጥሩ መቀያየሪያ ነው፣ ይሄን አልክድም። የጥር ሳምንት ገዝተው በሙቀቱ ወራት ሃዋይ እንሄድበታለን ያሉ ሰዎች ናቸው የተቃጠሉት።

ታዲያ የአክስቱ ልጅ ትዋሻለች? አይመስለኝም። ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል። በመኪና የሚደረስበት ቦታ ያለው፣ በየዓመቱ ሳያጓድል የሚሄድ፣ ዕዳ የሌለበት፣ በተለይ ከሌላ ባለቤት ላይ በርካሽ የገዛ ሰው ደስተኛ ነው፣ እንደዚህ ያሉ አውቃለሁ። ግን ከየትኛው ወገን እንደሆነች አንቺም እኔም አናውቅም። ከማንስ ገዛች? ስንት ከፈለች? ባለፈው ዓመት የመጣላት የጥገና ክፍያ ስንት ነበር፣ ስትገዛስ ስንት ነበር? ስንት ዓመት ሳትሄድ ቀረች? ደግሞ ሌላ ነገር፣ አንዳንድ ቦታ ሰው ላመጣ ባለቤት ነጥብ ወይም የክፍያ ቅናሽ ይሰጣል። አትወንጅያት፣ ቡና ጠርተሻት ወረቀቱን እንድታሳያችሁ ለምኛት። ባለቤትሽ ባለበት ይሁን። አንቺ ብትነግሪው የአንቺ ስስት ነው የሚመስለው፣ እሷ ወረቀቷን ስታሳየው ግን የራሱ ዘመድ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነው።

አባቱ ሶደሬ የወሰዱት አንዴ ነው። አንድ ቀን። ሰውዬው ሶደሬን አልገዙትም። የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ነበር፣ ምናልባት ዳቦ በዕንቁላል ተይዞ ነበር፣ ፍል ውሃ ነበር፣ እና ይሄ ልጅ አድጎ አሜሪካ መጥቶ 46 ዓመቱ ላይ አሁንም ያወራዋል። ሻጩ ይሄን ታሪክ ሰምቶ "ስለዚህ 22,900 ዶላር ያስፈልግሃል" አለው። እኔ ብሆን "ስለዚህ ልጆችህ ባለፈው ነሐሴ ሶደሬያቸውን አይተዋል" እለው ነበር።

ይሄን በዚህ ቃል ባትነግሪውም ነገሩን ግን ንገሪው። እስካሁን እንደሚመስለኝ ስለ ታይምሼሩ "አይሆንም" ብለሽዋል፣ ስለ ዕረፍቱ ግን "እሺ" አላልሽውም። እሱ የሰማው አንድ "አይሆንም" ነው። ሁለቱን ለዪለት። አንቺስ ብትሆኚ፣ ያቺን ሳምንት ወደድሻት ወይስ እሱና ልጆቹ ስለተደሰቱ ዝም አልሽ? ደስ ያለሽ ቤቱ የራሳችን ቢሆን ብለሽ ስታስቢ ነው ወይስ እንግዳ ሆነሽ ስለሄድሽ? እኔ የምጠይቅሽ ከእሱ ጋር ስታወሪ መልሱ ስለሚያስፈልግሽ ነው። "እኔም ወድጄዋለሁ፣ ዘንድሮም እንሂድ፣ ወረቀቱን ግን ፈራሁት" የምትል ሴት እና "ብር የለንም" የምትል ሴት አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። እሱ ከሥራ ደክሞ ሲገባ አታንሺው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ካልኩሌተሩን ሳትይዢ ጀምሪ። ካልኩሌተሩ ይደርሳል።

ከዚያ ይሄን አቅርቢለት። ዘንድሮ እናንተው ተከራዩ። ያንኑ ሪዞርት፣ ያንኑ ሳምንት ብትፈልጉ ያንኑ በረንዳ። ብዙ የታይምሼር ባለቤቶች በማይሄዱበት ዓመት ሳምንታቸውን ያከራያሉ፣ ሬድዊክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ ኦሽን ሲቲ ብለሽ ብትፈልጊ ታገኛለሽ፣ የአክስቱን ልጅም ጠይቂያት። ባለቤቱ የሚፈልገው የጥገና ክፍያውን መሸፈን ስለሆነ ከሆቴል የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሪዞርቱ ራሱ ጋ ደውላችሁ ሰውዬው በእርግጥ ባለቤት መሆኑንና ቦታው በስማችሁ መያዙን አረጋግጡ፣ በዜል ወይም በዋየር (በቀጥታ ከባንክ ወደ ባንክ) ላኩ ካላችሁ ተዉት። እንበልና 2,500 ዶላር ተከራያችሁ። ከ4,650 ጋር ስታስተያዪው ሌላውን እኔ መናገር የለብኝም። ኪራይም ይጨምራል፣ ልክ ነው፣ ግን ውድ ሆነ ባላችሁበት ዓመት ትቀራላችሁ፣ ማንም ደብዳቤ አይጽፍላችሁም።

እቁብሽን ደግሞ እንዲህ ብታደርጊው ምን ይመስልሻል፦ ከ10,000ው ላይ 2,500 ዶላሩን አንሺና ለዘንድሮው ዕረፍት በሱ ስም አስቀምጪው፣ ቦታውን እሱ ይምረጥ፣ ቀኑን እሱ ይቁረጥ፣ ዛሬውኑ ይከፈል። የቀረው 7,500 ለቤቱ። አዎ፣ ለቤትሽ ያሰብሽው ጎደለ። እኔ ግን ለትዳርሽ የወጣ ብር ነው ብዬ አየዋለሁ፣ "ብር ብቻ ነው የምታውቂው" ላለሽ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁልሽም። ቀኑን ግን ፈጥናችሁ ያዙ፣ ያቺ ትንሽ ከተማ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ከ300,000 ሰው በላይ ይጎርፍባታል፣ የነሐሴው ጥሩ ጥሩው ቤት ቀድሞ ነው የሚያልቀው።

ሁለት በጋ እንዲህ ሄዳችሁ አሁንም ሁለታችሁም ያንን ቦታ ብቻ ካላችሁ፣ ያኔ ግዙ። ግን ከሻጩ አይደለም፣ መልቀቅ ከሚፈልግ ባለቤት ላይ በጥቂት ብር፣ ያለ ብድር፣ የዝውውሩን ወረቀት በባለሙያ አሠርታችሁ። ከሌላ ባለቤት ለገዛ ሰው የማይተላለፉ አንዳንድ ጥቅሞች አሉ፣ ሪዞርቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለአንድ በረንዳና ለአንድ ወጥ ቤት ግን ያ ይበቃል።

ስለ 199ኙ የጠየቅሽኝ። በራሱ መጥፎ ግዢ አይደለም። ሦስት ሌሊት በዚያ ዋጋ የት ይገኛል? "ዛሬ አንፈርምም" ብለው ሄደው፣ ገለጻውን ቁጭ ብለው ሰምተው፣ ስጦታቸውን ይዘው፣ ዋኝተው የሚመለሱ ባልና ሚስት አሉ። እናንተ ግን ዘንድሮ አትሂዱ ነው የምልሽ። ባለቤትሽ ቁስሉን የሚያውቁበት ሰዎች ጋ እንደገና መቀመጥ ነው፣ አንቺም ሁለተኛ ራስ ምታት ማን ያምንሻል? ገለጻው ላይ ሁለታችሁም እንድትገኙ ይጠይቃሉ፣ ሳትገቡ ብትቀሩ ደግሞ የክፍሉን ሙሉ ዋጋ ያስከፍሏችኋል፣ ስለዚህ አንቺ ከልጆቹ ጋር ውሃ ዳር እቀራለሁ የሚባል ነገር አይሠራም። በስልክ ሲደውሉ "አመሰግናለሁ፣ ስልካችንን ከዝርዝራችሁ አውጡልን" ይበላቸው። እሱ ይበለው እንጂ አንቺ አትንጠቂው።

ይሄን ሁሉ ብዬሽም እሱ አይ፣ እሄዳለሁ ካለና ከሄዳችሁ፣ የእቁቡ ብር ገና ያልደረሰሽ ሰሞን ይሁን፣ ወይም ብሩ ባለበት የባንክ ካርድ ቤት ይቅር። በቃል የተባለ ነገር ሁሉ ወረቀቱ ላይ ከሌለ አልተባለም። "ዛሬ ብቻ" ያሉትም ዋጋ ይኸው ከወራት በኋላ ስልክ ደውሎ መጣ፣ ይሄን ራሱን ለባለቤትሽ ጠቁሚው። እና እጁ አምልጦት ቢፈርም እንኳ ሜሪላንድ ውስጥ ለመሰረዝ 10 ቀን አላችሁ፣ ከፈረማችሁበት ወይም ሰነዱን ከተቀበላችሁበት ከኋለኛው ቀን የሚቆጠር። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። የስልክ ጥሪ አይበቃም፦ ውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ "ውሉን ሰርዘናል" የሚል ደብዳቤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ባለው ፖስታ) ትልካላችሁ፣ ደረሰኙን ትይዛላችሁ። ምክንያት መናገር የለባችሁም። ይሄን ዓምድ የምታነቡ ሌሎችም ልብ በሉ፣ ቀኑ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ፍሎሪዳ 10፣ ቨርጂንያ 7፣ ሳውዝ ካሮላይና 5 ብቻ ነው። እዚያው ሳውዝ ካሮላይና፣ ማርትል ቢች ፈርማችሁ ሲመሽ እንነጋገርበታለን ብላችሁ ወደ ቤት የምትነዱ፣ መንገዱ ራሱ አንድ ቀን ይበላል።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ "ከታይምሼር እናስወጣችኋለን፣ መጀመሪያ ይሄን ያህል ሺህ ክፈሉን" የሚሉ ይደውላሉ። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን በ2022 እንደዚህ ያሉትን ከብዙ ሰው፣ በተለይ ከአረጋውያን፣ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስደዋል ብሎ ከሷቸዋል። አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጊ። የአክስቱ ልጅም ይሄን ትወቅ።

እስከዚያው እቁቡ እስኪደርስሽ ጊዜ አለ። የዚህን ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ፦ የአክስቱን ልጅ ለቡና ጥሪያት፣ እና ባለቤትሽን ስለ ሶደሬ ጠይቂው። አውቀዋለሁ እንዳትይኝ፣ እንደገና ጠይቂው፣ ልጆቹም ይስሙ። አባቱ ምን ለብሰው ነበር፣ መዋኘት ይችሉ ነበር ወይ፣ ማን አብሮ ነበር? ከዚያ ወሬው መሃል ካርታውን አውጥተሽ አሳቲግን አሳይው። ከኦሽን ሲቲ ደቡብ ጥቂት ነድታችሁ የምትደርሱባት ደሴት ናት፣ የዱር ፈረሶች አሸዋው ላይ ይንጎራደዱባታል፣ ባለፈው ዓመት ያያችኋት አይመስለኝም፣ ብታዩዋት ትጽፊልኝ ነበር። ለመኪና የሚከፈለው ትንሽ ነው። ፈረሶቹን ግን ልጆቹ እንዳይነኩ፣ እንዳይመግቡም፤ ክልክል ነው፣ ይናከሳሉም።